ባዶ ፍላሽ

ደንበኛዬ ደራርቱ የደወለችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ አላነሳሁትም። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እንዲህ ነው የኖርኩት፤ ስሟ ሲመጣ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ መጥራቱን ሲያቆም እተነፍሳለሁ። የዚያን ቀን ግን ደጋገመችው። በሦስተኛው ጥሪ አነሳሁት። እያለቀሰች ነበር።

“ወንዲ፣ አባዬ አረፈ።”

“እግዜር ያጽናሽ” ያልኳት ይመስለኛል። በልቤ ያልኩት ግን ሌላ ነው። “አሁን ፎቶውን ልትጠይቀኝ ነው” ነበር ያልኩት። ሰው ሞቶ እኔ ስለ ራሴ ነበር የፈራሁት፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ጠየቀችኝም።

“ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያ በአሮጌው ካሜራህ ያነሳኸው ፎቶ… ከአስከሬኑ ፊት የምንይዘው ሌላ ፎቶ የለንም። መታወቂያው ላይ ያለው እንደሆነ የተያዘ ሌባ ነው የሚያስመስለው፤ እሱን ይዤ ሰው ፊት አልወጣም። ደርሷል አይደል?”

“ደርሷል” አልኳት።

አልደረሰም። ሊደርስም አይችልም። አባቷን ኦቦ ደቻሳን ባነሳሁበት ካሜራ ውስጥ ፊልም አልነበረም።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ስለ ሥራዬ ትንሽ ማለት አለብኝ። ሰበታ ውስጥ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። እንጀራዬን የምበላው በዲጂታሉ ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ። የምወደው ግን የፊልም ካሜራ ነው። ሁለት የድሮ ዜኒቶች አሉኝ፤ ከባድ ብረት ናቸው፣ አንገት ያጎብጣሉ፣ አንዱን ሳላንጠለጥል ከቤት አልወጣም። ምን ይበጅሃል ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። በዲጂታል ሺህ ጊዜ ተጭነህ ከሺው አንዱን ትመርጣለህ። በፊልም ግን ከመጫንህ በፊት ሰውየውን ማየት አለብህ። ይህን ስብከቴን ሰምቶ የማያውቅ የሰበታ ሰው ጥቂት ነው። ከጎኔ ሱቅ ያለው ቢኒ ደግሞ በቃሉ ይወጣዋል። የቢኒ ሥራ የሟች መታወቂያ ተቀብሎ ፊቱን በኮምፒውተር ማሳደግ፣ ሱፍ ማልበስና ከኋላው ፏፏቴ ማስቀመጥ ነው። እኔ “የሙታን ልብስ ሰፊ” እለዋለሁ። እሱ ይስቃል እንጂ አይቀየመኝም።

የአሁን ልጆች የማያውቁት አንድ የሙያው ምስጢር አለ። በፊልሙ ዘመን ሠርግ ቤት ስንሄድ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ “እኔንም፣ እኔንም” እያለ ይከበናል። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ብቻ የሚያነሳ ፊልም ለመንደር ሰው አይዳረስም፤ እምቢ ካልክ ደግሞ ትጣላለህ። ስለዚህ ፊልም የሌለበትን ካሜራ ታነሳና ፍላሹን ቦግ ታደርግለታለህ። ሰውየው ተደስቶ ይሄዳል። “ባዶ ማንሳት” እንለው ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ አለሙ “ማንንም አትከልክል፣ ፊልም ግን አታባክን” ይሉኝ ነበር። ኃጢአት መስሎኝ አያውቅም።

የደራርቱ ልጅ የክርስትና ድግስ የነበረው ቡራዩ፣ ከአባቷ ግቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በዲጂታሉ ሳነሳ ዋልኩ። ኦቦ ደቻሳ ግን ካሜራውን ወደ እሳቸው ባዞርኩ ቁጥር በመዳፋቸው ፊታቸውን ይጋርዱ ነበር። አንድ ደላላ ማሳቸው ላይ ቆመው ሳሉ በስልኩ አንስቷቸው፣ ከዚያ በኋላ የማያውቁት ሰው ሁሉ መንገድ ላይ “የመሬቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?” እያለ ያስቆማቸው ጀመር አሉ። ፎቶአቸው ስንት ስልክ ውስጥ እንደገባ አያውቁም። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር።

አንገቴ ላይ ያለውን ዜኒት ሲያዩ ግን ራሳቸው ተነሥተው መጡ።

“ይሄ ፊልም የሚበላው ነው?”

“አዎ፣ ኦቦ።”

“እንግዲያ በሱ አንሳኝ። ግን ፎቶውንም ፊልሙንም ለኔ ትሰጠኛለህ። ፊልሙ እጄ ላይ ካለ ሌላ ሰው ጋ አይዞርም።”

አንገቴ ላይ የነበረው ባዶው ነው። ፊልም ያለበት ሌላኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ፎቶ ብቻ ቀርቶታል። ፊልሙን ሰው ከዱባይ ነው ያመጣልኝ፣ ሌላ የለኝም፣ የሚያመጣልኝም አላገኘሁም። በማግስቱ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሙሽሮች ላነሳ ነበር። ጭጋጉን፣ ነጩን ቬሎ፣ ከኋላ የሚግጡትን ፈረሶች በሐሳቤ ስስል ሰንብቻለሁ፤ ሦስቱን ለዚያ አስቀምጫቸዋለሁ። ቦርሳውን ከፍቶ ካሜራ መቀየር አሥር ሰከንድ አይፈጅም። አልከፈትኩትም።

ኦቦ ደቻሳ ወንበር አምጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ፍላሹን ቦግ አደረግኩላቸው። “ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው” አልኳቸው።

“ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ” ብለው አመሰገኑኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉኝ። ሰሞኑን እመለሳለሁ ብያቸው ወጣሁ። የምሬን ነበር፤ ልመለስ አስቤ ነበር።

በማግስቱ ሱሉልታ ላይ ሙሽራዋ ዜኒቱን አይታ “ይሄ ነገር ዛሬውኑ ኢንስታግራም ላይ ይወጣል?” አለችኝ። ደሜ ፈላ። ካሜራውን ቦርሳዬ ከተትኩትና ሦስቱ ፎቶ እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ እንኳ ከሱሉልታ ቡራዩ ጎራ ማለት እችል ነበር። ደክሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ደራርቱ መደወል ጀመረች። “አባዬ ፎቶዬስ ይላል።” የፊልም ማጠቢያው ኬሚካል አልመጣም አልኳት። ሌላ ጊዜ ስትደውል ውሃ ጠፍቷል አልኳት፤ ሰበታ ውሃ መጥፋቱ አዲስ አይደለምና አመነችኝ። አንድ ቀን ሄጄ “ኦቦ፣ ተበላሽቶብኛልና ደግሜ ላንሳዎት” ብል ያልቅ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን ባደረ ቁጥር ከበደኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ቡራዩ ተነሥቼ አየር ጤና ድረስ ሄጄ ከታክሲ ወርጄ ተመልሻለሁ። ምን ፈርተህ ነው ብትሉኝ፣ ሽማግሌው ዓይኔን አይተው ያውቁብኛል ብዬ ነው።

እንግዲህ ያን ጠዋት ስልኩን እንደዘጋሁ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የክርስትናውን ፎቶ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ስድስት መቶ ምናምን ነው። በአንዱ መዳፍ፣ በሌላው ጀርባ፣ በሌላው ደግሞ መዳፍ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አገኘኋቸው። ዳቦ ሲቆረስ ባነሳሁት ፎቶ፣ በሁለት ሰዎች ትከሻ መሐል፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ ወደኔ ያያሉ። እጃቸውን ያላነሱበት ያቺ አንዷ ብቻ ነበረች።

ላፕቶፑን ታቅፌ ቢኒ ጋ ገባሁ።

“እነዚህን ሰዎች አጥፋልኝ። ሽማግሌው ብቻ ይቅሩ። ጥቁርና ነጭ አድርገውና ፊልም ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ ጨምርበት።”

ቢኒ ፎቶውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። “ሰውዬው በፊልም አነሳኋቸው ያልከኝ አይደሉም እንዴ?”

“ቢኒዬ፣ በናትህ አትጠይቀኝ።”

“ሱፍ ላልብሳቸው?” ሊያስቀኝ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። ወደ ሥራው ዞረ። “ባርኔጣውስ?”

ሲቀመጡ አውልቀውት እንደነበር ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ማን ማን አጠገባችን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ባለቤታቸው አዴ ሊቤ ነበሩ? ደራርቱስ? ይህቺው የዳቦዋ ፎቶ ለቤተሰቡ በሰጠሁት አልበም ውስጥ ገብታ ይሆን? አልበሙን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ግን ምንም አላስታወስኩም።

“ባርኔጣውን ተወው” አልኩት።

አምስት ሰዓት ላይ ፎቶው ታትሞ ፍሬም ውስጥ ገባ። ቢኒ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። እንኳን ሌላ ሰው እኔም ራሴ የፊልም ነው ብዬ እምላለሁ። “በል እንግዲህ፣ አንተም ልብስ ሰፊ ሆንክ” አለኝ። በክፋት አልነበረም።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘጋግቶ አርባ ደቂቃ ቆምን። ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ቀብሩ ካመለጠኝ ነገሩ ሁሉ ይቀራል ብዬ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ ደራርቱ ባዶ እጇን ከአስከሬኑ ፊት ስትሄድ ታየችኝና ሹፌሩን “ምን ትጠብቃለህ?” ብዬ ጮህኩበት። ሹፌሩ ከመኪናዎቹ በላይ ልብረር ወይ ብሎ ሰደበኝ።

ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ደራርቱ ጋዜጣውን ስትቀድ ባርኔጣውን እንዳታየው ስፈራ የኔ ዓይን እዚያው ላይ ቀረ። ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ “አባዬ! አባኮ!” ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ጎረቤታቸው አንድ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “የድሮ ካሜራ እኮ ሌላ ነው፣ ዓይኑ ያያል” አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ያደረግኩት ነገር ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ፤ ሽማግሌው በመዳፋቸው የከለከሉትን ፎቶ ሰርቄ መንደር ፊት አስይዤዋለሁ።

አዴ ሊቤ ብቻ ለፎቶው አላለቀሱም። ነጠላቸውን አገልድመው ተቀምጠው፣ አንዴ ፍሬሙን አንዴ እኔን አዩ። ባርኔጣውን ነው የሚያዩት አልኩ በልቤ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሹልክ ልል ስል ደራርቱ እጄን ያዘችኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንዲ። ፊልሙንም አደራ። እሱ ራሱ ነው ያለው፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን ፊልሙን ለእናትሽ ስጪልኝ ብሏል። ለሠልስቱ ይዘህ ና።”

“እሺ” አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ፎቶ ይፈጠራል፤ ፊልም ግን ቢኒም ቢሆን በኮምፒውተር አይፈጥረውም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሲነጋ መላው መጣልኝ፤ ከመምጣቱ ይልቅ ቀላል መሆኑ አስደነገጠኝ። ዜኒቱ ውስጥ ሦስት ፎቶ አለ። የቢኒን ሥራ ሌላ ቅጂ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በፊልም ባነሳው፣ የሚወጣው እውነተኛ ፊልም ነው። ማንም በብርሃን ይዞ ቢያየው ኦቦ ደቻሳን ያያል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሱቄን ዘግቼ ሠራሁት። አንዱን በልክ፣ አንዱን ብርሃን ጨምሬ፣ አንዱን ቀንሼ፣ ሦስቱንም ጨረስኳቸው። የሽንት ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርጄ በጀሪካን ውሃ አጠብኩት። በዓመታት ውስጥ እንደዚያ የጠራ ፊልም አጥቤ አላውቅም። ለሱሉልታ ጭጋግ የሰሰትኩትን፣ ለሽማግሌው የነፈግኩትን፣ ለውሸት ሳልሰስት ሰጠሁት። የተሻለውን ቆርጬ ፖስታ ውስጥ አደረግኩ።

ዓርብ ሠልስቱ ነበር። ካሜራውን እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ደራርቱ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ “እናቴ ጓዳ ናት፣ ራስህ ስጣት” አለችኝ። ጓዳው ጠባብ ነው። አዴ ሊቤ ብቻቸውን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፖስታውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

“ፊልሙ ነው፣ አዴ።”

አልተቀበሉኝም። “ተቀመጥ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። “ውስጡ ምን አለ?”

“የኦቦ ደቻሳ…”

“ኢልመ ኮ፣ እሱን እኮ ባዶ ነው ያነሳኸው።”

ከደጅ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ደራርቱ ብትገባስ ብዬ በሩን አየሁ።

“አዩኝ እንዴ?”

“እኔ ምኑን አውቄ። እሱ ነው የነገረኝ፣ ያንኑ ዕለት፣ ልክ እንደወጣህ። እኛ የፊልም ጊዜ ሰዎች ነን። በኛ ሠርግ ፎቶ አንሺው ከሆለታ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያበራብን ውሎ ያመጣልን ስድስት ፎቶ ነው። ፊልም ያለው ሰው ያስጨንቃል። ቀና በሉ፣ አትንቀሳቀሱ፣ አትተንፍሱ ይላል። ባዶ የያዘው ግን ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ብሎ ያልፋል።” ቀና ብለው አዩኝ። “አንተም ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው አልከው።”

“በጣም ተቆጡ?”

“ሳቀ እንጂ። ልጁ ፊልሙ አልቆበት ነው፣ እመለሳለሁ ብሏል፣ ይመለሳል አለኝ። ለደራርቱ እንዳትነግሪያት፣ ትጮኽበትና አፍሮ ይቀራል አለ። አባዬ ፎቶዬስ ይላል እያለች ስትደውልልህ የነበረው እሱ እየላካት ነው። ፎቶው ይደርሳል ብሎ መሰለህ? አንተን ለማስታወስ ነው።”

መሬት መሬት አየሁ።

“እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ልብሱን አይቀይርም ነበር” አሉ። “ነጩን እንደለበሰ ወንበሩን አጥሩ ሥር ያወጣና ይቀመጣል። ምሳ ቀርቧል ስለው ትንሽ ቆይ፣ ልጁ ይመጣ ይሆናል ይለኛል።”

“ስንት እሑድ?”

“የመጨረሻዎቹን ሁለት ከአልጋው አልተነሳም። ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ።”

አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ድምፄን ከደጅ የሰማው ማንም አልተገረመም። አዴ ሊቤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። አላባበሉኝም፣ አልተቆጡኝምም። ፖስታውን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ኮቴ ኪስ ውስጥ መልሰው ከተቱት።

“እኔም ፎቶ የለኝም” አሉ። “እሱ ሲነሳ አብሬ እነሳለሁ ብዬ ነበር። ይሄ ካሜራህ ዛሬስ ፊልም አለው?”

እጄ ወደ ካሜራው ሄዶ ነበር፤ በልማድ። ዓይናቸው ግን እጄ ላይ ነው።

“የለውም፣ አዴ። ሦስት ቀርቶት ነበር። ትናንት ጨረስኩት።”

“ምን አነሳህበት?”

ኪሴን በጣቴ አሳየኋቸው። ኪሴን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ደጅ ያለው እንግዳ ጋ ሊወጡ ተነሡ። በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ።

“እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልብሴን አልቀይርም” አሉኝ።

“እሺ” አልኳቸው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ደግሞም እየመሸ ነው። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ አንድ ጥቅል ፊልም ያለው ሰው አላውቅም።